ጨለማ ቤት ውስጥ ብልጭ ያለው መብራት፦ ስለ ጃኮብ ሪስ የተደረገ ንግግር

እንደምን አመሻችሁ። እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ እህት ወንድሞቼ፣ በተለይ ደሞ እናንተ ካሜራችሁን አንግታችሁ የመጣችሁ ልጆች፣ በዚ ብርድ ከስራ ወጥታችሁ ስለመጣችሁ በጣም ነው የማመሰግነው። ስለ ፎቶ ታሪክ ተናገር ስባል ብዙ ሰው አሰብኩ፣ ግን ተመልሶ ተመልሶ የሚመጣብኝ አንድ ሰው ነው፣ ጃኮብ ሪስ ይባላል፣ ዴንማርካዊ ነው፣ እንደኛው ስደተኛ። ዓመተ ምህረቱን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምናገረው፣ እንዳያምታታችሁ።

ሪስ የተወለደው በ1849 ሪቤ የምትባል ትንሽ ያረጀች የዴንማርክ ከተማ ነው። አባቱ አስተማሪ ነበር፣ እሱ ግን ትምህርቱን ትቶ አናጢነት ተማረ። ኤሊዛቤት የምትባል ሀብታም ቤት ያደገች ልጅ ወደደ፣ አግቢኝ አላት፣ እምቢ አለችው፣ በቃ አገሩ አስጠላውና በ1870 በ21 ዓመቱ በመርከብ ኒውዮርክ ገባ። ኪሱ ውስጥ ጓደኞቹ ያዋጡለት 40 ዶላር፣ አንገቱ ላይ ደግሞ የልጅቷ ጸጉር ያለበት የወርቅ ማህተብ ነገር ነበር። ከ40ው ግማሹን ወዲያው ሽጉጥ ገዛበት። አሜሪካ ሽፍታና ጎሽ የሞላበት ጫካ መስሎት ነው፣ ማን ነግሮት ይወቀው?

ከዛ በኋላ ያለው የምታውቁት ታሪክ ነው። ፔንሲልቬንያ ሄዶ ብረት ፋብሪካ አካባቢ አናጢ ሆነ፣ ከሰል ማውጫ አንድ ቀን ሞክሮ ጥሎ ወጣ፣ ወደ ኒውዮርክ ተመለሰ፣ ስራ የለም፣ ብሩ አለቀ። ሰው ደጃፍ ላይ ያድራል፣ ምግብ ይለምናል። አንድ የዝናብ ሌሊት የመንገድ ውሻ ተከተለችው፣ ትንሽ ውሻ ናት፣ እሱም ሌላ ወዳጅ አልነበረውምና አብረው ሄዱ። በዛ ዘመን ቤት የሌለው ሰው ፖሊስ ጣቢያ ምድር ቤት ጣውላ ላይ ይተኛ ነበር፣ እሱም ቸርች ስትሪት ያለው ጣቢያ ገባ፣ ውሻዋን ግን ውጪ ተው አሉት። ሌሊት ሲነቃ አንገቱ ላይ ያለችው ወርቅ የለችም። ተዘረፍኩ ብሎ ሲናገር አዛዡ ሌባ አንተ ነህ፣ እንዳንተ ያለ ወርቅ ከየት ያመጣል ብሎ አስወጣው፣ በሩ ላይ ስትጠብቀው ያደረችው ውሻ ጌታዋን ሲገፈትሩ አይታ ፖሊሱን ነከሰችው፣ ፖሊሱም እግሯን ይዞ ደረጃው ላይ ፈጠፈጣት። ሪስ ከሰላሳ ዓመት በኋላ ይሄን ሲጽፍ ንዴቱ ገና አልበረደለትም።

እዚ ጋ ትንሽ ልቁም። እኔ እዚ አገር የመጣሁ ጊዜ ለአምስት ሆነን አንድ ቤዝመንት ውስጥ ነበርን፣ መስኮቷ እንደ ጫማ ካርቶን ነበረች፣ በየተራ ነበር የምንተኛው፣ የማታ ፈረቃ የሚሰራው ሲመጣ የቀን ፈረቃው ይነሳለታል። የዛን ቤት አንድ ፎቶ የለኝም። አንድም። አገር ቤት የላክነው ፎቶ በሙሉ ውጪ በረዶ ላይ፣ የሰው መኪና ተደግፈን ነው። እናቴ ሳሎኗ ውስጥ የሰቀለችው እሱን ነው፣ እስክታርፍ ድረስ ልጄ በዛ መኪና ይሄዳል እያለች። ለዚህ ነው ይሄ ሰውዬ የሚገርመኝ፣ ወጥቶ ካመለጠ በኋላ የተኛበት ጉድጓድ ውስጥ ካሜራ ይዞ የተመለሰ ሰው ነው።

እንዴት ተመለሰ? እየሸጠ እየለቀመ ቆይቶ ጋዜጠኛ ሆነ። ኤሊዛቤትም ኋላ እሺ አለችው፣ በ1876 ሪቤ ሄዶ አገባት። በ1877 ኒውዮርክ ትሪቢዩን የሚባል ጋዜጣ የፖሊስ ሪፖርተር አድርጎ ቀጠረው፣ ቢሮው መልበሪ ስትሪት ላይ ከፖሊስ ዋና መስሪያ ቤት ፊት ለፊት ነበር። ስራው ሌሊት ነው፣ ግድያ፣ እሳት፣ የጤና ተቆጣጣሪዎች በእኩለ ሌሊት ቴነመንት የሚባሉትን የኪራይ ፎቆች ሲፈትሹ አብሮ ይገባል። አንድ ክፍል ውስጥ አስር አስራ ሁለት ሰው፣ አየር የለ፣ ብርሃን የለ። ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ ጤና ቦርዱም ሪፖርቱን ይቀበላል፣ ምንም የለም። ቃል ብቻውን ማንንም እንደማያንቀሳቅስ ያኔ ነው የገባው።

በ1887 አንድ ጠዋት ጋዜጣ ሲያነብ ጀርመኖች ማግኒዥየም ዱቄትን ከሌላ ኬሚካል ጋር ቀላቅለው በአንድ ብልጭታ የጨለማ ፎቶ ማንሳት ቻሉ የሚል ነገር አየ። ልጆች፣ እናንተ ስልካችሁ በሻማ ብርሃን ያነሳላችኋል፣ ስለዚህ የዚህ ነገር ክብደት ላይታያችሁ ይችላል። ከዛ በፊት እኮ የድሃ ቤት ውስጡ በሌሊት በቀላሉ በፎቶ ሊታይ አይችልም ነበር፣ ሰዉ ልምጣ ልይ ካላለ በስተቀር ማረጋገጫ የለም፣ የሚመጣ ደሞ የለም። ሪስ ወዲያው ጤና ቢሮ የሚሰራ ዶክተር ናግል የሚባል ፎቶ ወዳጅ አገኘ፣ ሌሎች ሁለት አማተሮች ተጨመሩና ሌሊት ሌሊት መውጣት ጀመሩ። መጀመሪያ ዱቄቱ እንደ ጥይት ሆኖ በሽጉጥ ነበር የሚተኮሰው። እስቲ አስቡት፣ ተኝታችኋል፣ የማታውቋቸው ሰዎች በር ከፍተው ገብተው ሽጉጥ ይተኩሳሉ፣ ቤቱ በሙሉ ነጭ ይሆናል፣ ከዛ ጨለማ። ሰዉ በመስኮት ይዘል ነበር። ሪስ ኋላ ሽጉጡን ትቶ ዱቄቱን በመጥበሻ ላይ ማቀጣጠል ጀመረ፣ መጥበሻ የቤት ዕቃ ነው፣ ሰው አያስፈራም ብሎ። በ1888 መጀመሪያ ላይ ጓደኞቹ ሲሰለቹ የራሱን ካሜራ በ25 ዶላር ገዛ፣ ብቻውን ቀጠለ።

አደጋው ቀላል አልነበረም። ሁለት ጊዜ ቤት አቃጥሏል፣ አንድ ጊዜ ራሱን፣ አይኑን ያተረፈለት መነጽሩ ነው። አንዴ ማየት የተሳናቸው ሰዎች የሚኖሩበት ክፍል ውስጥ ዱቄቱን ሲለኩስ ግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው ጨርቅና ወረቀት ተቀጣጠለ፣ እነሱ አያዩም፣ እሱ ይንቀጠቀጣል፣ ሳይነግራቸው ብቻውን ታግሎ አጠፋው። እኔ ይሄን ሳነብ እጄን ነው የያዘኝ።

ያኔ ነው ጤና ቦርዱ የተንቀሳቀሰው፣ ከዳርክ ሩም፣ ፎቶ ከሚታጠብበት ጨለማ ክፍል ማለቴ ነው፣ የወጣ ውሃው ያልደረቀ ኔጋቲቭ ጠረጴዛው ላይ ሲቀመጥለት። ባያርድ ስትሪት ላይ ያነሳት ፎቶ አለች፣ በየትኛውም ጎኗ አራት ሜትር የማትሞላ ክፍል፣ አስራ ሁለት ወንድና ሴት የተኛባት፣ አንድ ቦታ በአምስት ሳንቲም። በፌብሩዋሪ 1888 ዘ ሰን ጋዜጣ ስራውን አወጣ፣ ግን ማተሚያ ፎቶ ገና አይችልም ነበርና ከፎቶው ተቀድተው የተሳሉ ስዕሎች ናቸው የወጡት። ስለዚህ ሪስ በመብራት ግድግዳ ላይ እያሳየ ማውራት ጀመረ፣ እንደ ዛሬው ፕሮጀክተር በሉት። አንዳንድ ቤተክርስቲያን አዳራሽ ከለከለው፣ ሌላው ጋ ሄደ። በ1890 መጽሐፉ ወጣ፣ ሌላኛው ግማሽ ሰው እንዴት እንደሚኖር የሚል፣ እዛ ውስጥ ከፎቶዎቹ አንዳንዶቹ ራሳቸው ታተሙ።

በ1891 ያደረገው ደሞ ብዙ ሰው አያወራለትም። የጤና ቢሮው ሳምንታዊ ወረቀት ላይ ውሃው ውስጥ ናይትራይት ተገኘ የምትል አንድ መስመር አየ፣ ምንድነው ብሎ ሲጠይቅ የፍሳሽ ምልክት እንደሆነ ገባው። ካሜራውን ይዞ ከተማው ወደሚጠጣው የክሮተን ውሃ ምንጭ ወጣ፣ መንደሮቹ ቆሻሻቸውን ቀጥታ ወንዙ ውስጥ ሲለቁ አንስቶ ጋዜጣ ላይ አወጣው። ከተማው መሬቱን መግዛት ግድ ሆነበት። ይሄ ነው ዶክመንተሪ ማለት ለኔ።

ኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው ቴዎዶር ሩዝቬልት መጽሐፉን አንብቦ ልርዳህ ብሎ ቢሮው ድረስ መጣ፣ በ1895 የፖሊስ ቦርድ ሊቀመንበር ሲሆን ሌሊት አብረው ይዞሩ ነበር። አንድ ሌሊት ሪስ ቸርች ስትሪት ጣቢያ ወሰደው፣ ያ ምድር ቤት እንዳለ ነው፣ ስለ ወርቋና ስለ ውሻዋ እዛው ቆሞ ነገረው። በ1896 የፖሊስ ጣቢያ ማደሪያዎቹ ተዘጉ። መልበሪ ቤንድ የሚባለው ሰፈር ፈርሶ በ1897 ፓርክ ሆነ፣ ዛሬ ቻይናታውን ውስጥ ኮሎምበስ ፓርክ የሚባለው ነው፣ ሄዳችሁ ታውቁ ይሆናል፣ ሽማግሌዎች ቼዝ የሚጫወቱበት።

አሁን የማልወድለትን ልናገር፣ ስለምወደው ነው። ሪስ እነዛን ሰዎች ሲጽፍ ጣልያኑን፣ አይሁዱን፣ ቻይናውን በጅምላ እንዲህ ናቸው እያለ ነው፣ በተለይ ስለ ቻይናዎቹ የጻፈው ያሳፍራል። ጣቢያው ውስጥ ሌባ አንተ ነህ ተብሎ የተባረረ ሰው ከሱ በኋላ የመጣውን ስደተኛ በዘሩ መፈረጁ በጣም ያመኛል፣ እኛም መሃል አዲስ የመጣውን እንዴት እንደምናወራው ታውቁታላችሁ። ደሞ አላስፈቀደም። በር ገፍቶ ገባ፣ አነሳ፣ ወጣ። ብዙዎቹ ፎቶዎች ላይ ስም የለም። የባያርድ ስትሪቱ ሰውዬ፣ ብርድ ልብሱን ይዞ ግማሽ አይኑን ገልጦ የሚያየን፣ ማነው? ከየት መጣ? ኋላ ቤት ተከራየ ወይ? ለእናቱ ምን ፎቶ ላከላት?

ሪስ ራሱን ፎቶግራፈር ብሎ አያውቅም፣ ይጠቅመኛል ብዬ ነው የያዝኩት ነው የሚለው። በ1914 ሲሞት ፎቶዎቹን ያስታወሰ የለም። ሪችመንድ ሂል ኩዊንስ ያለው ቤቱ ቆጥ ላይ ከሰላሳ ዓመት በላይ ተቀመጡ። በ1946 ፈልጎ ያስገኛቸው አሌክሳንደር አላንድ የሚባል ሌላ ፎቶግራፈር ነው፣ እሱም ስደተኛ ነው፣ ከሴቫስቶፖል የመጣ፣ የሪስን ልጅ ደጋግሞ እየወተወተ ነው ያገኛቸው። 412 የመስታወት ኔጋቲቭ። በመጨረሻ ኒውዮርክ ከተማ ሙዚየም ገቡ፣ በ1947 ኤግዚቢሽን ተደረገላቸው።

እናንተ ዛሬ ያመጣችኋቸውን ፎቶዎች ከሰዓት ብቻዬን ዞሬ አይቻለሁ። የፓርኪንግ ሰራተኛዋ፣ ታክሲው ውስጥ የተኛው አባት፣ ምድር ቤት እንጀራ የምትጋግረዋ እናት፣ እያንዳንዱ ስር ስማቸው፣ አገራቸው፣ ፈቃድ የሰጡበት ቀን ተጽፏል። የእንጀራዋ እናት እዚሁ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠዋል፣ እማማ እንኳን ደህና መጡ። እሳቸው እሺ ካሉኝ የሳቸውን ፎቶ ከባያርድ ስትሪቷ ጎን ላሳያችሁ ነው፣ እሺ እያሉኝ ነው። እባካችሁ በሩ ጋ ያላችሁ፣ መብራቱን አጥፉልኝ።