ስሙን ፈልጉ፦ ስለ ብሪታንያ የጦርና የባህር ኃይል ሜዳሊያዎች የአድማጮች ጥያቄና መልስ

ባለፈው ፕሮግራም ስለ ብሪታንያ ሜዳሊያዎች አሰባሰብ ስናወራ ስልኩ ተጨናንቆ ነበር። ሰዓት አልበቃንም። አዘጋጆቹ ያልተመለሱትን ጥያቄዎች ጽፈው ሰጡኝ፤ መልሴ እነሆ።

ከዋሽንግተን ዲሲ አካባቢ የደወሉ አድማጭ፦ «አንድ የእንግሊዝ ጨረታ ላይ የአቢሲኒያ ጦርነት ሜዳሊያ አየሁ። የመቅደላው ነው ተባልኩ። ዝርፊያ ነው ማለት ነው? ብገዛው ነውር ይሆንብኛል?»

ወንድሜ፣ ሜዳሊያው ከመቅደላ የተወሰደ አይደለም። እንግሊዞች ለራሳቸው ዘማቾች ያሠሩት ነው። አፄ ቴዎድሮስ ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. ራሳቸውን ሠዉ። እንግሊዞች ሜዳሊያውን ያቋቋሙት በዓመቱ ገደማ፣ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1869 ነው። በጄኔራል ናፒየር ሥር ለዘመቱ ወታደሮችና መርከበኞች ወደ 14 ሺህ የሚጠጋ ተሰጥቷል።

ከብር የተሠራ ነው፤ ስፋቱ 32 ሚሊ ሜትር ያህል ነው። ፊቱ ላይ የንግሥት ቪክቶሪያ ምስል አለ። ምስሉን ዘጠኝ ጫፍ ያለው ኮከብ ከቦታል። በጫፎቹ መካከል አንድ አንድ ፊደል ተቀርጿል። ዞር ዞር እያሉ ሲያነቡት «አቢሲኒያ» ይላል፤ ቃሉ በእንግሊዝኛ ዘጠኝ ፊደል ነውና።

እኔ ግን ባየሁት ቁጥር ፈዝዤ የምቀረው ጀርባው ላይ ነው። አብዛኞቹ ሌሎች የዘመቻ ሜዳሊያዎች የባለቤቱን ስም የሚይዙት ጠርዛቸው ላይ፣ በደቃቅ ፊደል ነው። ይሄኛው የዘማቹን ስምና ክፍሉን ከጀርባው መሐል፣ በቅጠል አክሊል ውስጥ ጎላ አድርጎ አውጥቶታል። ለእያንዳንዱ ሰው የተለየ ማተሚያ ማዘጋጀት ያስፈልግ ነበር። ሥራውም ወጪውም ብዙ ነው። ለህንዳውያን ወታደሮች የተሰጡት ግን አብዛኞቹ ስማቸው ጎላ ብሎ ሳይሆን ወደ ውስጥ ተመትቶ ነው የተጻፈው። ናፒየር የመጣው ከቦምቤይ ነው፤ ከሠራዊቱም የሚበዛው ህንዳዊ ነበር። ስለዚህ እንዲህ ያለውን ሲያዩ «ፎርጅድ ነው» ብለው አይጣሉት።

የመርከበኞቹ ደግሞ ለብቻው ይነገር። መቅደላ ላይ ሮኬት ከተኮሱት መካከል የባህር ኃይል ሰዎች ነበሩ። በሜዳሊያቸው ላይ «ድራያድ»፣ «ኦክታቪያ» ወይም «ሳተላይት» የሚል የመርከብ ስም ያገኛሉ። ከዙላ ወደብ ከ600 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ፣ አምባ ሥር ለተደረገ ውጊያ የመርከብ ስም! የዚያ ዘመቻ ነገር በአንድ ቃል ሲነገር እንዲህ ነው።

መግዛቱ ነውር ነው አልልም። መቅደላ ላይ ማን እንደነበረ በስም የሚመሰክር ዕቃ ነው፤ እንዲያውም በእኛ ሰው እጅ ቢገባ ደስ ይለኛል። ዐይንዎን ግን ከሜዳሊያው ጎን ወደተቀመጠው ዕቃ ይጣሉ። የዘማች ልጅ ልጆች ሜዳሊያውን ሲሸጡ አያታቸው ያመጣውን መስቀል፣ ብራና ወይም ጋሻ አብረው የሚያቀርቡበት ጊዜ አለ። ያ ዝርፊያ ነው። ከመቅደላ የወጣውን ንብረት እንግሊዞቹ ራሳቸው ደላንታ ላይ በጨረታ ሸጠውታል። ዛሬ ጥቂቱ እየተመለሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ2019 የለንደኑ ብሔራዊ የጦር ሙዚየም የአፄ ቴዎድሮስን ጸጉር መልሷል። በ2024 ኒውካስል ለጨረታ የቀረበ የመቅደላ ጋሻ ከሽያጭ ወጥቶ አገሩ ገብቷል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ዕቃ ካዩ ፎቶውንና የጨረታውን ቁጥር ይያዙና ወዲያው ለኤምባሲያችን ያሳውቁ። «እኔ ባልገዛው ሌላ ይገዛዋል» ብለው ገንዘብ አያውጡ፤ ገበያውን ያሞቀዋል።

ከአዲስ አበባ የደወለ ወጣት፦ «እውነተኛውን ከፎርጅዱ በምን እለያለሁ?»

ከስሙ ጀምር። ሐሰተኛ ሜዳሊያ ከባዶ መሥራት ብዙ ልፋት አለው። ቀላሉ ማታለያ እውነተኛ ሜዳሊያ ወስዶ ስሙን መፋቅና ታዋቂ ውጊያ ላይ የዋለ ሰው ስም መጻፍ ነው። የተፋቀ ጠርዝ ይሳሳል። ስለዚህ ከተመሳሳይ ሜዳሊያ ጋር አስተያየው፤ ስፋቱንም ክብደቱንም ለካ። የፊደሉን ቅርጽ በማጉያ መነጽር እይ። ጭረት ከፊደሉ ሥር ከታየህ ጠርጥር።

ይህን የተማርኩት ከፍዬ ነው። የክራይሚያ ጦርነት ሜዳሊያ ሲሰጥ ስም አልነበረውም። ባለቤቱ መልሶ ልኮ ማጻፍ ይችል ነበር፤ ብዙዎችም በግላቸው አስቀርጸዋል። ቀዳዳው እዚህ ላይ ነው። መሰብሰብ በጀመርኩበት ጊዜ አንድ ነጋዴ በዚያው ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1854 በታወቀው የባላክላቫ ውጊያ ላይ ከጋለቡት ፈረሰኞች የአንዱ ሜዳሊያ ነው ብሎ ሸጠልኝ። ስሙ መዝገብ ላይ አለ፤ አረጋግጫለሁ። ያላረጋገጥኩት የሰውየው እውነተኛ ሜዳሊያ የት እንዳለ ነበር። ቆይቼ ሳጣራ ሙዚየም ውስጥ ተቀምጧል። በጣም ነው ያዘንኩት። ገንዘቡ ብቻ አይደለም፤ የአንድ ወታደር ስም ለማጭበርበሪያ መዋሉ እስካሁን ያመኛል።

መዝገቦቹ ለንደን፣ ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት አሉ። የምድር ጦሩን የዘመቻ ሜዳሊያ ዝርዝር «ደብሊው ኦ 100»፣ የባህር ኃይሉን «ኤ ዲ ኤም 171» በሚለው መለያ ፈልግ። ስሙ ካለ ጥሩ ነው። ግን ሌላ ቅጂ የት እንዳለ ሳታጣራ አትክፈል።

ከቴል አቪቭ የደወሉ እናት፦ «የጠቆረ የብር ሜዳሊያ አለኝ። በሎሚና በአመድ ላሻው?»

እባክዎን እናቴ፣ አይንኩት! ያ ጥቁረት ቆሻሻ አይደለም፤ ብር ሲያረጅ የሚለብሰው ነው። ሲፈትጉት የንግሥቲቱ ፊትና የስሙ ፊደል አብሮ ይበላል። ሰብሳቢም ዋጋውን ይቀንስብዎታል። በደረቅና ለስላሳ ጨርቅ ጠቅልለው እርጥበት የሌለበት ቦታ ያስቀምጡት። ጥብጣቡን ከፀሐይ ያርቁት፤ ቀለሙ ይለቃል። ሁለት ሦስት ሆነው አብረው ከመጡ ደግሞ አይለያዩዋቸው፤ የአንድ ሰው ታሪክ ናቸው።

ለአንጥረኛ መስጠትም አይታሰብ። እ.ኤ.አ. በ1980 አካባቢ የብር ዋጋ ሲያሻቅብ የአንደኛው የዓለም ጦርነት የብር ሜዳሊያዎች ብዙ ቀልጠዋል። የቀለጠ ስም አይመለስም።

ከለንደን የደወለ አድማጭ፦ «የትራፋልጋር ሜዳሊያ ለምን 1847 ይባላል? ውጊያው 1805 አይደል?»

ልክ ነህ። በዚያ ዘመን መንግሥት ለተራ መርከበኛ ሜዳሊያ የመስጠት ልማድ አልነበረውም። አጠቃላዩ የባህር ኃይል ሜዳሊያ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ1847 ነው፤ የሚሰጠውም በሕይወት ኖሮ ለጠየቀ ብቻ። ትራፋልጋር ላይ የተዋጋው አብዛኛው ሰው በ42 ዓመቱ ውስጥ ሞቷል። «ትራፋልጋር» የሚል ዘለላ፣ ማለትም ጥብጣቡ ላይ የሚገባ የውጊያው ስም የተጻፈበት ትንሽ ብረት፣ ያለው ሜዳሊያ ውድ የሆነው ለዚህ ነው።

ከሊድስ የደወሉ፣ አዛውንቶችን የሚንከባከቡ እህት፦ «የማስታምማቸው አባት የአባታቸውን ኮከብ አሳዩኝ። 'አፍሪካ' ይላል። 'አባቴ አገራችሁ ነበር' ይላሉ። ስም ግን የለበትም።»

እህቴ፣ ይህ የአፍሪካ ኮከብ ነው። ብሪታንያ ለራሷ ወታደሮች የሰጠችውን የሁለተኛው የዓለም ጦርነት ኮከብ ስም አልጻፈችበትም። ደቡብ አፍሪካና አውስትራሊያ ግን ጽፈዋል። ስም አለመኖሩ እንግዲህ ሐሰተኛ አያሰኘውም። ኮከቡ በሰሜን አፍሪካ ለዋለው ሁሉ ይሰጥ ነበር። በኢትዮጵያ፣ በኤርትራና በሶማሊያ ጣሊያንን የወጋም ያገኘዋል፤ የዚህኛው ጊዜ የሚዘጋው ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ጎንደር ነፃ በወጣችበት ዕለት ነው። ጥብጣቡ ላይ «8» ወይም «1» ቁጥር ያለበት ትንሽ ነሐስ (ስምንተኛው ወይም አንደኛው ጦር ማለት ነው) ካለ ሰውየው በሰሜን አፍሪካም ዘምቷል።

ኮከቡ ራሱ የማንን ደረት እንዳስጌጠ አይናገርም። ስለዚህ ሽማግሌው ሲነቁ የአባታቸውን ሙሉ ስም፣ የልደት ቀንና የአገልግሎት ቁጥር ካስታወሱ ጠይቀው በወረቀት ይጻፉና ከኮከቡ ጋር ያኑሩት። በዚያ ቤተሰቡ የወታደሩን መዝገብ ከብሪታንያ መንግሥት መጠየቅ ይችላል።