መጀመሪያ ኮፒ!

የዛሬው የአድማጮች ጥያቄና መልስ ከማረሚያ ቤት ወጥተው መታወቂያ ለሚያወጡ ሰዎች ነው። ብዙ ዓመት ቀበሌ መዝገብ ቤት ሠርቻለሁ። አሁን ደግሞ በሰሜን ሸዋ የተፈቱ ሰዎችን ወረቀታቸውን አስጨርሳለሁ። ጥያቄው ሁሌ አንድ ነው፣ መልሴም ያው ነው፣ አትሰልቹኝ።

ከሸዋ ሮቢት፦ ትናንት ተፈታሁ። ከየት ልጀምር?

እንኳን ለቤትህ አበቃህ። ከፎቶ ኮፒ ቤት ጀምር። ቀልዴን አይደለም። አንድ ጎረምሳ በቀደም የመፈቻ ወረቀቱን ከካልሲው ውስጥ አውጥቶ ሰጠኝ። ስምንት ቦታ ታጥፏል፣ እጥፋቱ ላይ ተበስቷል። ማህተሙ በላብ ርሶ ወይን ጠጅ ደመና መስሏል። የልጁ ስም ይነበባል፣ የአባቱ ግን ጠፍቷል። አሁን ለሌላ ወረቀት ተመልሶ ሊሰለፍ ነው። ሦስት ኮፒ አድርግ፣ ዋናውን ፕላስቲክ ውስጥ ክተት፣ በስልክም ፎቶ አንሳው። ከዚያ ከመታሰርህ በፊት ወደነበርክበት ቀበሌ ሂድ፣ ማህደርህ ያለው እዚያ ነው። ጉርድ ፎቶግራፍ ያዝ፣ የሚያውቁህን ጎረቤቶችም ይዘህ ሂድ። ስንት ምስክር እንደሚፈልጉ ቀድመህ ጠይቅ፣ ከቦታ ቦታ ይለያያል። ዋናውን አሳይ እንጂ ትተህ አትምጣ።

ከደብረ ሲና፦ መታወቂያው ላይ ታስሬ እንደነበር ይጻፋል?

አይጻፍም። የቀበሌውም ላይ፣ ብሔራዊው ዲጂታል መታወቂያ ፋይዳም ላይ።

ከመሐል ሜዳ፦ ልጄ ታስሮ ሳለ እኛ ደብረ ብርሃን ገባን። መታወቂያውን የት ያውጣ?

እናቴ፣ ከድሮው ቀበሌ መሸኛ ያስፈልገዋል። ይዞት ይምጣና በእናንተ የቤተሰብ ቅጽ ላይ ይመዝገብ። ሲታሰር ስሙን አሰርዛችሁት ከሆነ ግን (ይደረጋል፣ ስንቱን አይቻለሁ) መጀመሪያ እሱን አስተካክሉ።

ከአጣዬ፦ በ2013 ከተማው ሲቃጠል ማህደሬም አብሮ የጠፋ ይመስለኛል። በእጄ ምንም የለኝም።

«ይመስለኛል» አይሆንም፣ ሄደህ አረጋግጥ። የተረፈ ፋይል ሊኖር ይችላል። ከሌለ ለፋይዳ ምዝገባ የሰው ምስክር ይሠራል። ራሱ ፋይዳ ያለው ሰው አብሮህ ቀርቦ ይመሰክርልሃል። አሥር የጣት አሻራ፣ የዓይን ብሌንና የፊት ፎቶ ትሰጣለህ፣ 12 አሃዝ ያለው ቁጥር ይደርስሃል። ምዝገባው ነጻ ነው። መቶ ብርም ሆነ የቡና የሚልህ ካለ አትስጥ።

ከአረርቲ፦ ጓደኛዬ የሚያውቀው ደላላ በሌላ ስም መታወቂያ አወጣልሃለሁ አለኝ። አዲስ ሕይወት ልጀምርበት አስቤ ነው።

ወንድሜ፣ ስልኩን ሳትዘጋ ስማኝ። ሌሎቻችሁም ስሙኝ፣ ይሄን ጥያቄ ሳልሰማ የዋልኩበት ሳምንት የለም።

ደላላው የሚሸጥልህ ፎርጅድ ነው። በ1996ቱ የወንጀል ሕግ ሐሰተኛ ሰነድ ማዘጋጀት ብቻ ሳይሆን መገልገልም ያስቀጣል። መንገድ ላይ ኬላ አለ። ፈታሹ ወረቀቱን ገልበጥ አድርጎ አይቶ «የአያትህ ስም ማን ነው?» ሲልህ ትደናበራለህ። በአመክሮ የወጣህ ከሆነማ ባሰ። ከቅጣትህ ሁለት ሦስተኛውን ጨርሰህ በጠባይህ የተፈታህ ሰው አዲስ ወንጀል ሲገኝብህ አመክሮው ሊሰረዝ፣ ቀሪውን ግባና ጨርስ ልትባል ትችላለህ። ለአንዲት ካርድ!

አልተያዝክም እንበል። በዚያ መታወቂያ ሄደህ ፋይዳ ትመዘገባለህ። ፋይዳ አንድን ሰው አንዴ ብቻ ነው የሚመዘግበው፣ አሻራህን ካለው ሁሉ ጋር ያስተያያል። ስለዚህ አንተ ተፈተህ አሻራህ በሰው ስም ይታሰራል። ነገ በእውነተኛ ስምህ ልመዝገብ ብትል ሥርዓቱ «ይሄ ሰውዬ አለኮ» ይላል።

ሦስተኛውን ማንም አያስበውም። አባትህ ያወረሱህ መሬት ደብተሩ ላይ ያለው የቱ ስምህ ነው? የልጅህ የልደት ምስክር ወረቀት ላይስ? ደብተሩ በአንድ ስም፣ መታወቂያው በሌላ ስም ሆኖበት በገዛ እርሻው ላይ እንደ ባዕድ የቆመ ሰው አውቃለሁ። የወንድምን መታወቂያ ተውሶ መንቀሳቀስም ያው ነው። መልካችሁ ቢመሳሰልም አሻራችሁ አይመሳሰልም። ጉዳይ ገዳዩ ብሩን ይዞ ይሄዳል፣ ኬላው ላይ የምትቆመው አንተ ነህ።

አዲስ ሕይወት በድሮ ስምህም ይጀመራል። አሁን ወረቀትህን ኮፒ አድርግ።

ከእነዋሪ፦ የመፈቻ ወረቀቴ ላይ ያለው የቤት ስሜ ነው፣ የቀበሌው ደግሞ ሌላ ነው።

እዚህ አገር ስም ሦስት ነው፣ የክርስትና፣ የቤትና የትምህርት ቤት። ስህተቱ የማረሚያ ቤቱ ጸሐፊ ከሆነ እዚያው መዝገብ ክፍል ተመለስ። ፍርዱ ራሱ በቤት ስምህ ተጽፎ ከሆነ ግን በፍርድ ቤት ነው የሚያልቀው። በእስክሪብቶ እንዳትነካው፣ ሥርዝ ድልዝ ያለበት ወረቀት ሞተ ማለት ነው። ጠበቃ ወይም ነጻ የሕግ ድጋፍ ፈልግ።

ከደብረ ብርሃን፦ ልጄን የወለድኳት ታስሬ ሳለሁ ነው። የልደት ካርዷ ላይ ይወጣባት ይሆን?

አይዞሽ እህቴ። ማንዴላ ደንቦች የሚባሉት የተባበሩት መንግሥታት ደንቦችም በልደት ወረቀት ላይ እስር ቤት መወለድ አይጠቀስ ይላሉ። ልደት በ90 ቀን ውስጥ ነው የሚመዘገበው። ካለፈሽም ዘግይቶ ማስመዝገብ አለ። ትምህርት ቤት ሳትገባ ጨርሺው።

ከደነባ፦ ፍርዱ ከስሜ ላይ ይነሳልኝ ይሆን?

ሕጉ «መሰየም» የሚለው ነገር አለ፣ ፍርዱ ከስምህ ላይ እንዲሰረዝ ማለት ነው። ቅጣቱ ጽኑ እሥራት ከነበረ አምስት ዓመት፣ ከዚያ በታች ከሆነ ሁለት ዓመት በጥሩ ጠባይ ካለፈ በኋላ ለፍርድ ቤት ማመልከት ይቻላል። ካሳ ያልተከፈለበት ከሆነም ይጠየቅበታል። ይሄን በስልክ አልጨርሰውም፣ ጠበቃ ዘንድ ሂድ። ሰውየው መጀመሪያ ምን እንደሚጠይቅህ ታውቀዋለህ። ሦስት ኮፒ።