ከኢምጂን ወንዝ የቀሩ ገጾች

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ክቡራን እንግዶች፣ እንኳን ለዓመታዊ ጉባኤያችን በደህና መጣችሁ።

የዘንድሮው ርእሳችን ጦርነትን የሚቃወሙ የድሮ ኮሚኮች፣ ማለትም በተከታታይ ሥዕሎች የሚተረኩ መጽሔቶች ናቸው። ዓመቶቹን በፈረንጆች አቆጣጠር እጠራለሁ። የኒውዮርኩ አሳታሚ ኢሲ «ቱ ፊስትድ ቴልስ»ን በ1950፣ «ፍሮንትላይን ኮምባት»ን በ1951 ሲጀምር የኮሪያ ጦርነት እየነደደ ነበር። የኛው ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ የገባውም በዚያው በ1951 ነው። የሁለቱ መጽሔቶች አዘጋጅ ሃርቪ ከርትዝማን ጀብዱ ማወደሱን ትቶ ሞትን በቅርብ አሳየ።

ቁጥር 25 «ቱ ፊስትድ ቴልስ» ላይ ራሱ ጽፎ ራሱ የሣለውን የኮሪያውን የኢምጂን ወንዝ ታሪክ ተመልከቱ። አንድ አሜሪካዊ ወታደር ወንዙ ላይ የሚንሳፈፍ ሬሳ እያየ፣ ዛሬ ሰው የሚገደለው ከሩቅ ነው፣ የጨበጣ ውጊያ ቀርቷል እያለ ያስባል። ወዲያው የራበው ጠላት ምግቡን ፍለጋ ይደርስበታል። ተያይዘው ወንዙ ውስጥ ይገባሉ። ሌላ ሠዓሊ በአንድ ሣጥን (በገጹ ላይ በመስመር በተከበበ አንድ ሥዕል) የሚጨርሰውን ከርትዝማን በተከታታይ ሣጥኖች ያስረዝመዋል፤ ድፍቅ፣ ድፍቅ፣ እንደገና ድፍቅ። ተራኪው «አንተ» እያለ ስለሚናገር፣ የሰውየውን ጭንቅላት ውሃ ውስጥ የያዘው እጅ የአንባቢው ይሆናል። የኔ እምነት ይህ ነው፦ ተቃውሞው ያለው በሣጥኖቹ አደራደር ነው። ሽፋኑን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰብሳቢ አያገኘውም።

በ1965 የወጣው «ብሌዚንግ ኮምባት» የተባለ መጽሔት ይህንኑ መንገድ ይዞ የቬትናምን ገበሬ ሞት አሳየ፤ 4 ቁጥር ወጥቶ ቆመ።

ስለዚህ ቅጂዎቻችሁን አትከርችሟቸው፣ አንብቧቸው። አያያዙ ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ወረቀቱ ርካሽ የጋዜጣ ወረቀት ነው፤ በውስጡ የቀረው ሊግኒን የተባለ የእንጨት ንጥረ ነገር በብርሃንና በሙቀት አሲድ እየፈጠረ ወረቀቱ መጀመሪያ ቢጫ፣ ቀጥሎ ቡናማ ይሆናል፣ በመጨረሻም ሲታጠፍ ይሰበራል። እጃችሁን ታጥባችሁ በደንብ አድርቁ። መጽሔቱን ግማሽ ያህል ብቻ ክፈቱ፣ ከሥሩም ለስላሳ ትራስ አድርጉ። በስካነር መስታወት ላይ መጫን በጀርባው ስቴፕል ዙሪያ ያለውን ወረቀት ስለሚቀድ ከላይ ፎቶ አንሱ። ወረቀቱ ስስ ስለሆነ የጀርባው ገጽ ሥዕል በስሱ ይታያል፤ ከምታነሱት ገጽ ሥር ጥቁር ወረቀት ስታደርጉ ይጠፋል።

የተቀደደውን በስኮች እንዳትለጥፉ፤ ሙጫው ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ የማይለቅ ቡናማ እድፍ ይተዋል። ማስቀመጫው ማይላር ከተባለ ግልጽ የፖሊስተር ፕላስቲክ የተሠራ ከረጢት ይሁን፣ ከጀርባው አሲድ የሌለው ካርቶን ይግባ። ተራ የፒቪሲ ፕላስቲክ ከቀለሙ ጋር ይጣበቃል። እርጥበቱን ከ40 እስከ 50 በመቶ ጠብቁ፤ ከዚያ ካለፈ ስቴፕሉ ዝጎ ዙሪያውን ያለውን ወረቀት ይበላዋል።

ከሻይ በፊት የኢምጂንን ታሪክ ገጽ በገጽ በስክሪን እናነባለን። ከኋላ የተቀመጣችሁ እባካችሁ ወደ ፊት ቅረቡ፤ የሣጥኖቹ ጽሑፍ ደቃቃ ነው። ጉባኤው ተከፍቷል።