ረጅሙ ሰንሰለት የቱ ነው? የአድማጮች የኬሚስትሪ ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ከደብረ ብርሃን ነው፣ 10ኛ ክፍል ነኝ። ፈተና ላይ የካርበን ሰንሰለት ተስሎ ስሙን ጻፉ ሲባል 2-ኢታይልፔንቴን ብዬ ጽፌ ኤክስ ተደረገብኝ፣ ቁጥሩን ደጋግሜ አይቼዋለሁ ልክ ነው፣ ምኑ ጋ ነው የተሳሳትኩት?

መልስ፦ አይዞህ ወንድሜ፣ ችግሩ ቁጥሩ ሳይሆን ሰንሰለቱ ነው። አግድም የተጻፉትን 5 ካርበኖች ቆጥረህ ፔንቴን አልክ፣ ወደ ታች የወረደውን ባለ 2 ካርበን ደግሞ ቅርንጫፍ፣ ማለትም ኢታይል አልከው አይደል? እስቲ እስክሪብቶህን ከቅርንጫፉ ጫፍ አስነሳና ወደ ላይ ውጣ፣ 1፣ 2፣ ከዛ መገናኛው ላይ 3፣ ከዛ ወደ ቀኝ ታጠፍና 4፣ 5፣ 6። ስድስት ሆነ! ስለዚህ ሄክሴን (ባለ 6 ካርበን) ነው፣ በግራ በኩል ብቻዋን የቀረችው ካርበን ደግሞ ሜታይል ሆና 3ኛው ላይ ተቀመጠች፣ ስሙ 3-ሜታይልሄክሴን። ሰንሰለት ቀጥ ብሎ መሄድ የለበትም፣ እኛ አስተማሪዎችም እያወቅን ነው አጣጥፈን የምንስለው። አንድ ነገር ያዝ፦ በአልኬን (ካርበኖቹ በነጠላ ቦንድ ብቻ በተያያዙበት) ሰንሰለት ላይ ኢታይል ቁጥር 2 ላይ ከመጣብህ ረጅሙን ስተኸዋል ማለት ነው፣ ሁሌም።

ጥያቄ፦ ልጄን እያስጠናሁ ነው፣ ሰንሰለቱን ከየትኛው ጫፍ እንደሚቆጥሩ ሲወስኑ የቅርንጫፎቹ ቁጥሮች ተደምረው ትንሽ የሚመጣውን ምረጡ ተብለዋል። ታዲያ መልሱ ለምን 2,7,8-ትራይሜታይልዴኬን (ባለ 10 ካርበን ሰንሰለት ላይ 3 ሜታይል) ሆነ? ከሌላው ጫፍ ሲቆጠር 3,4,9 ነው፣ ሲደመር ያንሳል።

መልስ፦ በጣም ጥሩ ነው ያዩት እናቴ። 17 እና 16 ነው ድምሩ፣ ግን ድምር የሚባል ህግ አይዩፓክ (ዓለም አቀፉ የኬሚካል ስም አወጣጥ ደንብ) ላይ የለም፣ ብዙ ጊዜ በአጋጣሚ ስለሚሰራ ነው የተለመደው። ህጉ ቁጥሮቹን ከመጀመሪያው ጀምሮ አንድ በአንድ ማወዳደር ነው፣ መጀመሪያ የሚለያዩበት ቦታ ላይ ያነሰው ያሸንፋል። እዚህ 2 ከ3 ያንሳል፣ አለቀ፣ የኋላዎቹን ማየትም አያስፈልግም። ከዛ ቅርንጫፎቹ ስም ላይ የሚደረደሩት በቁጥር ሳይሆን በላቲን ፊደል ተራ ነው (በሀሁ ቢሆንማ ሜታይል ይቀድም ነበር)፣ ዳይ (ሁለት) ትራይ (ሶስት) የሚሉት አይቆጠሩም፣ ለዛ ነው 4-ኢታይል-2,2-ዳይሜታይልሄክሴን የሚባለው፣ ኢታይል ቀድሞ።

ጥያቄ፦ ሪያድ ሹፌር ነኝ። ማደያ ላይ 91 እና 95 የሚለው ኦክቴን እናንተ ከምታወሩት ጋር ይገናኛል እንዴ?

መልስ፦ በደንብ እንጂ! መለኪያ የሆነው አይሶኦክቴን የሚባለው ነው፣ እሱ 100 ተሰጠው፣ ቀጥ ያለው ሄፕቴን (ባለ 7 ካርበን) ደግሞ 0። 95 ማለት ቤንዚኑ ሞተር ውስጥ ኖኪንግን (ነዳጁ ያለጊዜው ተቀጣጥሎ ሞተሩን ማንኳኳቱን) የሚቋቋመው 95 እጅ አይሶኦክቴንና 5 እጅ ሄፕቴን የተቀላቀለበት ነዳጅ በሚቋቋመው ልክ ነው ማለት ነው፣ ውስጡ ያለው እሱ ብቻ ነው ማለት ግን አይደለም። የአይሶኦክቴን ወግ ያለው ስሙ 2,2,4-ትራይሜታይልፔንቴን ነው፣ ኦክቴን እየተባለ ፔንቴን የሆነው ሰንሰለቱ 5 ካርበን ስለሆነና 3 ሜታይል ስለተንጠለጠለበት ነው፣ በድምሩ 8። ያው 8 ካርበንና 18 ሃይድሮጅን ግን ቅርንጫፍ ሳይኖረው ቀጥ ብሎ ከተሰለፈ ቁጥሩ ከ0 በታች ይወርዳል፣ ሞተሩን ያንኳኳዋል! አንድ አይነት ፎርሙላ ነው እኮ፣ የተለያየው አቀማመጡ ብቻ ነው። ኪስህን በተመለከተ፣ የመኪናህ ማኑዋል 91 ይበቃል ካለ 95 መቅዳቱ ብር ማባከን ነው፣ 95 ካለ ግን ለመቆጠብ ብለህ 91 አትቅዳበት።