ቀለሙን አትፋቁት፦ ጥንታዊ የስዊድን ዕቃ በዘመናዊ ቤት

ውድ አድማጮቼ፣ በዛሬው ዝግጅት የማነሣው ስቶክሆልም ውስጥ በምኖርበት አፓርታማ ስላስገባኋቸው ጥንታዊ የስዊድን የቤት ዕቃዎች ነው። ሕንፃው የስዊድን መንግሥት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1965 እስከ 1974 ድረስ አንድ ሚሊዮን መኖሪያ ቤቶችን ለመገንባት ባወጣው ዕቅድ ከተሠሩት አንዱ ሲሆን፣ ግድግዳው ነጭ፣ ጣሪያው ዝቅ ያለ፣ መስኮቱና በሩ ሁሉ ቀጥ ባለ መስመር የተሠራ ነው። እንዲህ ባለ ቤት ውስጥ ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ባለመሳቢያ ሣጥን ባዕድ ሆኖ የማይታየው ለምን እንደሆነ ብዙ አስቤበታለሁ። ምክንያቱ ከቅርፁና ከቀለሙ የሚመጣ ይመስለኛል።

የስዊድን ንጉሥ ጉስታቭ ሦስተኛ በ1771 አባቱ ሞተው ዙፋኑን ሲወርስ ፓሪስ ውስጥ ነበር። በዚያ ያየው የአዳራሽ አሠራር፣ በኋላም በ1783 እና በ1784 ጣሊያንን ሲጎበኝ የተመለከታቸው የጥንት ሮማውያን ቅርሶች፣ በስሙ ለሚጠራው የጉስታቭ ዘመን ስልት መሠረት ሆኑ። ጌኦርግ ሀውፕትን የመሰሉ የቤተ መንግሥት ባለሙያዎች ለንጉሡ የሚሠሩት በውድ እንጨት ነበር፤ በየአውራጃው የነበረው አናጢ ግን በእጁ ያለው ጥድና በርች ብቻ ስለነበረ፣ ያንኑ ቀጥ ብሎ ወደ ታች የሚቀጥን ባለቦይ እግር ከርካሽ እንጨት እየጠረበ፣ በተልባ ዘይት በተለወሰ ነጣ ያለ ግራጫ፣ ወተት መሰል ነጭ ወይም ፈዘዝ ያለ ሰማያዊ ቀለም ይቀባው ነበር። የፈረንሳዩ የወርቅ ቅብ ቀርቶ መስመሩ ብቻ ተረፈ ማለት ነው። ለእኔ ከዋናው ይልቅ ይህ ይበልጥብኛል።

ቀለሙ ለውበት ብቻ የተመረጠ አይደለም። በታኅሣሥ ወር ስቶክሆልም ውስጥ ፀሐይ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ሳይሞላ ትጠልቃለች፤ ኤሌክትሪክ ባልነበረበት ዘመን ቤቱን ያበራ የነበረው ሻማና የምድጃ እሳት በመሆኑ፣ ፈዛዛው ቀለም በግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት ባለመስተዋት የሻማ መያዣዎች ጋር ሆኖ ያንን ጥቂት ብርሃን መልሶ ወደ ክፍሉ ይረጨው ነበር። እኔም ሣጥኑን ያቆምኩት ከመስኮቱ ፊት ለፊት ባለው ግድግዳ ሥር ነው፤ በክረምቱ አጭር ቀን ክፍሉ ላይ የሚያመጣው ለውጥ በግልጽ ይታያል።

ስለዚህ ቀለሙን ማስወገድ ዕቃውን ማጥፋት ነው ብዬ አምናለሁ። በ1960ዎቹና በ1970ዎቹ እዚህ አገር ብዙ ሰው አሮጌ ቁምሳጥኖችን ቀለም በሚያሟሟ ጠንካራ ፈሳሽ ውስጥ እየነከረ እንጨቱን ራቁቱን ያስቀር ነበር፤ ውጤቱም አናጢው ማንም እንዲያየው ያላሰበው ቢጫ ጥድ፣ ጉጥና መጋጠሚያ ነው። ዛሬ ጠንቃቃ ባለሙያዎች ፈሳሽ ሳይጠቀሙ በስለት ቀስ እያሉ የላይኛውን ቅብ ብቻ በማንሣት የመጀመሪያውን ቀለም ይፈልጋሉ። ይህን ትዕግሥት አከብራለሁ፤ ሆኖም በ1800ዎቹ አጋማሽ አንድ የገበሬ ቤተሰብ ደርቦ የቀባው ቀለም ቢሆን እኔ አላስነካውም፣ የዕቃው ታሪክ አካል ሆኗልና።

ሠዓሊው ካርል ላርሾንና ባለቤቱ ካሪን በዳላርና አውራጃ፣ በሱንድቦርን መንደር ያለውን ቤታቸውን ሲያስጌጡ አሮጌ ዕቃዎችን በደማቅ ቀይና አረንጓዴ ቀብተው የለም ወይ ብሎ የሚጠይቅ ሰው አይጠፋም። እውነት ነው፤ ቤታቸውም እጅግ ያምራል። ነገር ግን በእነሱ ዘመን እንዲህ ያለ ዕቃ በየገበሬው ቤት ሞልቶ ነበር፤ ዛሬ ግን የመጀመሪያ ቀለሙን እንደያዘ የቆየው ጥቂት ነው።

ልጆች ያሏችሁ አድማጮቼ ይህን በተለይ አስተውሉልኝ፦ የድሮው ነጭ ቀለም ብዙ ጊዜ እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት አለበት። በብርጭቆ ወረቀት ከተፋቀ ብናኙ በአየር ይበተናል። እርጥብ ጨርቅ ለጽዳት ይበቃል፤ የሚላላጥ ከሆነ ወደ ባለሙያ ይወሰድ እንጂ ሕፃን ከሚተኛበት ክፍል አይቀመጥ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ለአንድ ክፍል አንድ ጥንታዊ ዕቃ በቂ ነው የሚል አቋም አለኝ፤ ዙሪያው ባዶ ሲሆን ቅርፁ ይነበባል። ሙሉውን የዘመኑን ክፍል ማየት የሚሻ ሰው፣ አርቱር ሃሴሊዩስ በ1891 ስቶክሆልም ውስጥ ወደ መሠረተው፣ ጥንታዊ ቤቶች ወደሚታዩበት የአየር ላይ ሙዚየም ወደ ስካንሰን ቢሄድ ይሻለዋል። የሞራ ሰዓት የሚባለውን፣ ወገቡ ሰፋ ያለውንና በዳላርና አውራጃ በምትገኘው በሞራ ከተማ አካባቢ የነበሩ ገበሬዎች ለኑሮ ድጎማ ይሠሩት የነበረውን ረጅም ሰዓት የሚመኝ ሰው ደግሞ አስቀድሞ ጣሪያውን ይለካ፤ ብዙዎቹ ከሁለት ሜትር ያልፋሉና።

ለጠባብ ቤት ከሁሉም የምመርጠው ክንፎቹ የሚታጠፉትን ጠረጴዛ ነው። ታጥፎ ግድግዳ ሲጠጋ ቦታ አይይዝም፤ ለገና እንግዳ ሲመጣ ሁለቱ ክንፎች ተነሥተው እግሮቹ ሲዘረጉ ቤተሰቡን ሁሉ ያስተናግዳል። ከማሞቂያው ግን ራቅ ብሎ መቆም አለበት፤ የክረምቱ ደረቅ ሙቀት እንጨቱን አኮማትሮ ይሰነጥቀዋል፣ ቀለሙንም ያስነሣዋል። ትኩስ ድስትም በቀጥታ አይቀመጥበት፤ ከሥሩ ወፍራም ጨርቅ ይነጠፍለት።