ጨረሩ ያለ ጥፋቱ ተከሰሰ

[ምስል፦ ጅማ። አንዲት ጠባብ የጽሕፈትና የፎቶ ኮፒ ቤት። ጸሐፊዋ በርጩማ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ቀና አድርጋ ትጽፋለች።]

ተራኪ፦ የመመረቂያ ጽሑፍ ማስረከቢያ ሰሞን ነው። ጸሐፊዋ ከጠዋት ጀምሮ የተማሪዎችን ጥናት ስታርም ውላለች። አሥር ሰዓት ላይ ፊደላቱ ይደራረቡባት ጀመር። ዓይኗን ይቆጠቁጣታል፣ ግንባሯን ይወጋታል። «የኮምፒውተሩ ጨረር ጨረሰኝ» ትላለች።

ጨረሩ ግን ያለ ጥፋቱ ነው የተከሰሰው።

[ምስል፦ ዓይኗ በቅርበት። ቆቡ ሳይከደን ብዙ ይቆያል።]

ተራኪ፦ የዓይኗን ቆብ ተመልከቱ። ሰው በተለምዶ በደቂቃ 15 ጊዜ ያህል ዓይኑን ያርገበግባል። ቆቡ በተከደነ ቁጥር እንባ የዓይንን ገጽ እንደ አዲስ ያለብሰዋል፤ ከቆቡ ጠርዝ የምትወጣ ስስ ቅባትም እንባው ቶሎ እንዳይተን ከላይ ትሸፍነዋለች። ስክሪን ላይ ስናፈጥ ቁጥሩ በግማሽ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይቀንሳል። ያችንም ቢሆን ደህና አድርገን አንከድናትም፤ ቆቡ ግማሽ መንገድ ወርዶ ይመለሳል። የሚቆጠቁጠን ድርቀቱ ነው። አንዳንድ ሰው «ዓይኔ እያለቀሰ እንዴት ደረቀ ትሉኛላችሁ?» ይላል። የደረቀ ዓይን ሲቆጣ ነው እንባውን የሚያፈሰው።

[ምስል፦ የዓይን ውስጥ ሥዕል።]

ተራኪ፦ ሁለተኛው ጣጣ ውስጥ ነው። ሩቅ ስናይ በዓይን ሌንስ ዙሪያ ያለው ጡንቻ ይላላል፤ ቅርብ ስናይ ይኮማተራል፣ ሌንሱም ይወፍራል። ቀኑን ሙሉ ቅርብ ማየት ሙሉ ጀሪካን አንጠልጥሎ ማውረጃ እንደ ማጣት ነው።

ማውረጃው ሩቅ ማየት ነው። ጄፍሪ አንሸል የተባሉ አሜሪካዊ የዓይን ባለሙያ ያስተዋወቁት ዘዴ አለ፦ በየ20 ደቂቃው፣ 20 ጫማ ማለትም 6 ሜትር ያህል የራቀ ነገር ለ20 ሰከንድ ማየት። ሰዓት ይዞ መቁጠር አያስፈልግም። ለጸሐፊያችን ከመንገዱ ማዶ ቡና የምታፈላው ሴት ጀበና በቂ ነው። መስኮቱ ወደ ጅሬን ለሚያይ ደግሞ ኮረብታው አለ። በእረፍት ሰዓት ስልክ ማንሳት ግን እረፍት አይባልም፤ ስልክ ከኮምፒውተር ይልቅ ወደ ዓይን ስለሚቀርብ ጡንቻው ይብስበታል። መብራት ሲጠፋም ዓይናችን ሊያርፍ ነው ብለን ሳንጨርስ ሁላችንም ጨለማ ውስጥ ስልካችን ላይ አፍጥጠን እንገኛለን።

[ምስል፦ በርጩማው።]

ተራኪ፦ አሁን ወደ መቀመጫዋ። ባለ ሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ እጅግ ያማረ ሥራ ነው፤ የተሠራው ግን ለቡና ነው። እሱ ላይ የተቀመጠ ሰው ስክሪኑን የሚያየው አንጋጦ ነው። ያንጋጠጠ ዓይን በሰፊው ይከፈታል፣ እንባውም በዚያው ልክ ይተናል። የስክሪኑ የላይኛው ጠርዝ ከዓይን ትይዩ ወይም ጥቂት ዝቅ ይበል፤ ርቀቱ ከ50 እስከ 70 ሳንቲ ሜትር ይሁን፣ እጅ ተዘርግቶ የሚነካው ያህል። ፊደሉ ካነሰ ይተልቅ እንጂ አንገት አይሰግግ። መስኮቱም በጎን ይሁን፤ ከኋላ ከሆነ ስክሪኑ ላይ ያንጸባርቃል።

[ምስል፦ በመደርደሪያ ላይ መነጽሮች።]

ተራኪ፦ ሰማያዊ ብርሃን ይከላከላል የሚባለውን «የኮምፒውተር መነጽር» በተመለከተ፣ የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግመው ዓለም አቀፍ ድርጅት ኮክሬን በ2023 (እ.ኤ.አ.) የ17 ሙከራዎችን ውጤት ገምግሞ ነበር። መነጽሩ በአጭር ጊዜ የዓይንን ድካም ከተራ መነጽር የበለጠ የሚቀንስ ሆኖ አልተገኘም። እኔ ብሆን ገንዘቡን ለምርመራ አውለዋለሁ። ድካም የመሰለን ነገር ያልተለካ የዕይታ ጉድለት ሊሆን ይችላልና፤ ከ40 ዓመት በኋላ ደግሞ ቅርብ ማየት የማይቸግረው ሰው ጥቂት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ማዕከል የዓይን ሕክምና ክፍል አለው።

ያለ ሐኪም ትእዛዝ ጠብታ መግዛት ግን አደገኛ ነው። ዴክሳሜታዞን የተባለው መድኃኒት ያለበት ጠብታ መቅላቱን ቶሎ ስለሚያጠፋ ሰው ይወደዋል። ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ የዓይንን ግፊት ከፍ አድርጎ የዓይንን ነርቭ ወደሚጎዳው ግላኮማ ሊያደርስ፣ የዓይን ሞራም ሊያመጣ ይችላል። ለድርቀት የሚታዘዘው ሰው ሠራሽ እንባ ሌላ ነገር ነው። ዕይታ በድንገት ከቀነሰ፣ ብልጭታ ከታየ፣ ወይም ዓይን ቀልቶ ክፉኛ ካመመ ግን ስክሪኑን ሳይወቅሱ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ መሄድ ነው።

[ምስል፦ ጸሐፊዋ ወንበር ቀይራለች። በርጩማው ከመንገዱ ማዶ፣ ጀበናው አጠገብ።]