ሳጥኑ አይተነፍስም ወይ?

ሰላም ናችሁ? ዛሬ ስለ ሌላ ነገር ላወራችሁ ተዘጋጅቼ ነበር፣ ተውኩት። የቀይዋ ሴሊካ ነገር ከጭንቅላቴ አልወጣም፤ የኋላ ወንበሯን አውጥተን በቦታው የዎፈር (የወፍራም ድምፅ ስፒከር) ሳጥን የሠራንላት የቶዮታ መኪና ናት። ባለፈው «ተገጠመ፣ አለቀ» ብዬ ነበር የተሰናበትኳችሁ። መገጠሙንስ ተገጥሟል። ደሴ ላይ ደግሞ ባስ ክራሩ ሲመታ ከጆሮ ቀድሞ ደረት ነው የሚሰማው። ኮምቦልቻ ላይ የሆነው ግን... እሱን ሳላወራው አልችልም።

አናጢው የጠየቁኝን ነገርኳችሁ? አልነገርኳችሁም መሰለኝ። ዎፈሩ የሚቀመጥበትን የፊት ሰሌዳ እየቆረጡልኝ ነበር። 18 ሚሊሜትር ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ጣውላ)፣ ሁለት ድርብ በኮላ ተጣብቆ 36 ሚሊሜትር፣ መሐሉ ላይ 28 ሴንቲሜትር ክብ ቀዳዳ። ክቡን ሲጨርሱ ጠርዙን በአውራ ጣታቸው ዞሩት፣ ዞሩትና «ልጄ፣ ይሄ ሳጥን አይተነፍስም ወይ?» አሉኝ። እኔ ደግሞ ቶሎ ብዬ «አይ ጋሼ፣ ዝግ ነው። ትንፋሽ ካለፈው ይበላሻል» አልኳቸው። ዝም አሉ። እርሳሳቸውን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ወደ መጋዛቸው ተመለሱ።

ያ ዝምታ ነው የሚመላለስብኝ።

መልሴ እኮ ስሕተት አልነበረም። 12 ኢንች ዎፈር ባለ ቱቦ (አየር በቱቦ የሚወጣበትና የሚገባበት) ሳጥን ከተሠራለት 50፣ 55 ሊትር ይፈልጋል፤ የሴሊካ የኋላ ወንበር በተነሳበት ያንን ያህል ቦታ የለም። ዝግ ከሆነ 28 ሊትር ይበቃዋል። የመኪናው ውስጥ ጠባብ ስለሆነ ደግሞ ዝቅተኛውን ድምፅ ራሱ ይደግፈዋል፣ ቱቦ ባይኖርም ቤዙ አይጎድልም። ደሴ ላይ እንዲያውም ከ28 ማነስም ይችላል። የፋብሪካው ወረቀት ላይ ያለው ልክ የባሕር ጠለል አየር ታስቦ የወጣ ነው። ሳጥን ውስጥ የታሰረ አየር እንደ ሞላ (ስፕሪንግ) ነው፣ የሞላው ጥንካሬ ደግሞ ከአየሩ ግፊት ጋር ነው የሚሄደው። ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ግፊቱ የባሕር ጠለሉ 74 በመቶ ያህል ነው። ስለዚህ 28 ሊትሩ እዚህ እንደ 38 ሊትር ይላላል። ወረቀቱ ያሰበውን ጥንካሬ የፈለገ ሰው ደሴ ላይ 21 ሊትር ይሠራል ማለት ነው። ይህንን አስልቼ አውቀው ነበር። ግፊቱን አውቄ፣ ቁልቁለቱን ግን... ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

የወንበሩን ነገር የጠየቃችሁኝ ብዙ ናችሁ፣ በዚያ ልጀምር። የሴሊካ የኋላ መቀመጫ ፊቱን ወደ ላይ ሳብ ሲያደርጉት ከመያዣው ይላቀቃል፤ መደገፊያው በቡሎን ነው። ቡሎኖቹን በፌስታል አድርጋችሁ ከራሱ ከወንበሩ ጋር እሰሩ፤ ሌላ ዕቃ ሣጥን ውስጥ ከገቡ በዓመቱ አይገኙም። የቀበቶውን ገመድ አትቁረጡ፣ ጠቅልላችሁ እዚያው ተዉት። ከዚያ ዋናው። ከመቀመጫው ሥር ወለሉ ላይ ክብ የላሜራ ክዳን ታያላችሁ። ከሱ በታች የነዳጅ ጋኑ አለ፤ ፓምፑ የሚወጣው በዚያ ነው። እዚያ አካባቢ ትራፓኖ አይነሳም። አንድ ቪቴ እንኳ ወደ ታች አይገባም። ሳጥኑንም ክዳኑ ላይ ለዘለቄታው አታስቀምጡት፣ ፓምፑ የተበላሸ ቀን ሳጥኑ ይፈርሳል። እኛ ሳጥኑ በ4 ቡሎን ብቻ ተፈቶ እንዲነሳ አድርገን፣ ማሰሪያውን በአንግል ብረት ሠርተን ድሮ ወንበሩ ታስሮበት በነበረው ቦታ አሰርነው። አዲስ ቀዳዳ የለም። ማሰሩ ላይ አትሳሱ። ሳጥኑ ከነዎፈሩ 20 ኪሎ ነው። ፍሬን ተይዞ አይደለም፣ ግጭት ላይ ፍጥነቱ በስበት 20 እጥፍ ከተገታ ያ 20 ኪሎ እንደ 400 ኪሎ ነው ወደ ሾፌሩ ጀርባ የሚመጣው። ከጎማ በተሠራ ገመድ አስረው የሚነዱ ሰዎች አይቻለሁ፣ በጣም ያስፈራኛል።

የታችኛው ክፍል ፋይበር ግላስ ነው፣ ወለሉ ጎርባጣ ስለሆነ በእንጨት አይያዝም። ወለሉን በሰፊው የወረቀት ፕላስተር ሸፍናችሁ በላዩ የአልሙኒየም ፎይል ታነጥፋላችሁ፣ ዘይት ትቀቡታላችሁ። ከዚያ የፋይበሩን ጨርቅ በእጅ እየቀደዳችሁ (በመቀስ የተቆረጠ ጠርዝ አይዋሃድም) በሬዚን (ሲደርቅ በሚጠነክር ፈሳሽ) እያራሳችሁ ታነጥፋላችሁ። የመጀመሪያውን 2 ድርብ መኪናው ውስጥ፣ እሱ ሲደርቅ አውጥታችሁ ሌላውን ውጪ። በጠቅላላው 6 ድርብ አለበስነው፣ ወደ 6 ሚሊሜትር ውፍረት። ለ1 ኪሎ ሬዚን ማድረቂያው ከ10 እስከ 20 ግራም ነው፤ ደሴ ላይ በብርዱ ወደ 20 ጠጋ ይበሉ፣ አለበለዚያ በማግሥቱም እንደ ማር ይለጥፋል። ከ20 ካለፈ ደግሞ ግሎ ይሰነጠቃል። በሩን ሁሉ ከፍታችሁ፣ አፍና አፍንጫችሁን በደንብ በሚያጣራ ጭምብል ሸፍናችሁ። ሽታው ራስ ያዞራል።

ይዘቱን በሽምብራ ነው የለካነው። ቅርጹ ጎባጣ ስለሆነ ርዝመት በስፋት ማባዛት አይሆንም። ባለ አንድ ሊትር ጣሳ እየሞላን፣ አፉን በማስመሪያ እየጠረግን ጨመርን። 31 ጣሳ ያዘ። ዎፈሩ ራሱ የሚይዘው 3 ሊትር ሲቀነስ 28። ልክ።

ከዚያ ውስጡን፣ መገጣጠሚያውን በሙሉ፣ በሬዚን ደግመን ቀባነው። እንደ ተሟሸ እንስራ ሆነ። በዎፈሩ ጠርዝ ሥር ላስቲክ፣ የገመዱ መግቢያ ሳህን ሥር ሲሊኮን። ሲደርቅ ሸክላውን... ማለቴ የዎፈሩን ሾጣጣ በሁለት መዳፍ ቀስ አድርጌ ወደ ውስጥ ገፋሁት። እንደ ተነፋ ኳስ ነው የሚገፋው። ይዤው 30 ቆጠርኩ። ለቀቅኩት፤ ወዲያው ወደ ቦታው ተመለሰ። ደስ አለኝ። አብዛኛው ዝግ ሳጥን እንደዚያ አይደለም እኮ። ሲይዙት ትንሽ ትንሽ ያፈስሳል፣ ሲለቁት ጎትቶ ጎትቶ ነው የሚመለሰው። ይሄ ምንም አላፈሰሰም። ምንም።

ገመዱ... ገመዱ ላይ አንድ ነገር ልበል፣ ሳልረሳው። 500 ዋት አምፕ (ድምፅ ማጉያ) 80 በመቶ ውጤታማ ቢሆን ከባትሪው 625 ዋት ይስባል፣ በ13.8 ቮልት 45 አምፔር መሆኑ ነው። 25 ካሬ ሚሊሜትር ገመድ፣ 60 አምፔር ፊውዝ፣ ፊውዙ ከባትሪው 45 ሴንቲሜትር ሳይርቅ። ፊውዙ አምፑን አይደለም የሚጠብቀው፣ ገመዱን ነው፤ ስለዚህ አምፑ አጠገብ ቢቀመጥ ትርጉም የለውም። ገበያ ላይ ያለው ገመድ ደግሞ ብዙው መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። አንዱን ክር በምላጭ ፋቁት፣ ውስጡ ነጭ ከወጣ እሱ ነው። የሚያስተላልፈው የመዳቡን ሁለት ሦስተኛ እንኳ አይሞላም፣ ስለዚህ ሌላ ካልተገኘ አንድ ቁጥር ወፈር ያለ ውሰዱ። የኃይሉን ገመድ በቀኝ፣ የድምፁን በግራ በኩል አሳልፉ። ቀለሙን እስከ ነጭ ላሜራ ፍቃችሁ ኔጌቲቩን እዚያው ኋላ በቡሎን እሰሩ። ይሄ ሁሉ ደህና ነበር፣ ችግሩ እዚህ አልነበረም። ለዚህ ነው የሚከነክነኝ።

እሺ። ጠዋት ነው። ደሴ ሸዋ በር ላይ ሙዚቃው ንጹሕ። ሐረጎን ወርደን ኮምቦልቻ ገባን፣ 25 ኪሎሜትር ያህል ነው፣ በመንገድ ድምፁን ዝቅ አድርገነዋል። ቦርከና አካባቢ ከፍ ሳደርገው... ቋ። ቤዙ ሲመታ ሁሉ ቋ፣ ቋ፣ ብረት በብረት። አጠፋሁት። መጀመሪያ አምፑን ጠረጠርኩ፣ ጌይኑን (የማጉያውን መጠን) ወደ ግማሽ አወረድኩት፣ ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። የሳጥኑ ማሰሪያ ላልቶ ይሆናል ብዬ ቡሎኖቹን በቁልፍ ሞከርኩ፣ ጥብቅ ናቸው። ከዚያ የኋላውን መስታወት ከፍቼ ዝም ብዬ ዎፈሩን አየሁት። የሆነ ነገር አለው። ፊቱ... ገባ ብሏል።

ለመሸፈኛው ወንፊት ስል ደሴ ላይ ለክቼው ነበር፤ ጠርዙ ላይ ማስመሪያ ሲጋደም እስከ መሐሉ 22 ሚሊሜትር። አሁን 29። ሰባት ሚሊሜትር። የዎፈሩ የሽቦ ጥቅል ወደ ውስጥ የሚሄድበት ልክ 12 ነው። ሰባቱን ቆሞ ሳለ በልቶታል። ስለዚህ በትንሽ ኃይል ከኋላው ብረት ጋር ይጋጫል፣ ያ ነው ቋ የሚለው።

ካቻቪቴ ይዤ የገመድ መግቢያው ሳህን ላይ ካሉት 4 ቪቴዎች አንዱን አላላሁ። ሁለት ዙር። ፍስስስ... ወደ ውጪ አይደለም። ጣቴን በምራቅ አርሼ ጠጋ አደረግሁት፣ ጣቴን ሳበው። አየር እየገባ ነው። ዎፈሩን አየሁት፣ ቀስ ብሎ፣ እንደሚነቃ ሰው፣ ወደ ፊት መጣ። ማስመሪያውን ጣልኩበት። 22።

እዚያው ቁጭ አልኩ። አናጢው፣ አውራ ጣታቸው...

ስሌቱ ከባድ አይደለም። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ናት። ከደሴ 650 ሜትር ዝቅ ሲባል የውጪው ግፊት 8 በመቶ ያህል ይጨምራል። ሳጥኑ ውስጥ ያለው ግን የደሴ አየር ነው፣ ታስሮ። ልዩነቱ በዎፈሩ ፊት፣ በ480 ካሬ ሴንቲሜትሩ ላይ፣ 30 ኪሎ ያህል ይሆናል። 30 ኪሎ ሾጣጣው ላይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። እንዲያውም ምንም ባያፈስስ ከ7 በላይ መግባት ነበረበት፣ እኔ ባሰላሁት፣ 12 ላይ ብረቱ ባያስቆመው፣ ወደ 20። ታዲያ ለምን 7? ትንሽ አፍስሷል፣ ወይም ሙቀቱ። ኮምቦልቻ ትሞቃለች፣ ሳጥኑ ውስጥ ያለው አየር በ10 ዲግሪ ቢሞቅ ግፊቱ 3.5 በመቶ ይጨምራል፣ በተቃራኒው ይገፋል። ሁለቱ ተደባልቀው ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው።

ምክንያቱም... ሲመለሱ ደግሞ። ቪቴውን ኮምቦልቻ አጥብቄ ወጣን፣ ደሴ ላይ ዎፈሩ ወደ ፊት አብጦ ይጠብቀኛል ብዬ። አበጠ፣ ግን 3 ሚሊሜትር ብቻ። በሳምንቱ ደግመን ወረድን፣ በዚያው ሰዓት፣ በዚያው መንገድ። 2 ገባ። ቋ አላለም። ሲሊኮኑን አንዴ ስላላቀቅሁት ይሆን ማኅተሙ የላላው? እንደዚያ ከሆነ ሳጥኑ ራሱን አስተካክሏል ማለት ነው። ወይስ ያን ቀን ሌላ ነገር ነበር?

የማደርገውን አልወሰንኩም። ሳህኑ ላይ 1 ሚሊሜትር ቀዳዳ መብሳት አለ። ግፊቱን ቀስ አድርጎ ያስተካክላል፣ ቤዙ በሴኮንድ 40 ጊዜ ስለሚመላለስ በዚያች ቀዳዳ ለማምለጥ ጊዜ አያገኝም። ግን ድምፁ ከፍ ሲል ሊያፏጭ ይችላል፤ ከኋላዋ ስፖንጅ መለጠፍ ያስፈልጋል። ወይም በላስቲክ ራንዴላ የተገጠመ አንድ ቡሎን፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፈታ፣ ጠበቅ። ቀላል ነው፣ ግን ሰው ይረሳል። ሌላው ያሰብኩት የግሉኮስ ቱቦ ነው፣ አዲስ፣ ያልተነካ። 1 ሜትር የሚሆነው ሳጥኑ ውስጥ ተጠቅልሎ፣ ጫፉ ውጪ፣ ያቺ ጠብታ የምትቆጣጠረው ጎማ መዘውር በእጅ በሚደረስበት ቦታ። እሷን እያጠበበ እያሰፋ ሰው የሚፈልገውን ያህል እንዲተነፍስ ያደርገዋል። ደስ ይለኛል ሐሳቡ። ግን አልሞከርኩትም።

ወንበሮቹ ሳሎን ውስጥ ናቸው፣ ታውቃላችሁ። የእህቴ ልጆች ትናንት ተቀምጠውባቸው ነበር፣ ጎን ለጎን፣ መኪና ውስጥ እንዳሉ፣ ትልቁ መሪ እንደያዘ እጁን እያዞረ። «ኮምቦልቻ ደረስን» ይላል። ሊብሬው ላይ እስካሁን 4 ሰው ነው የሚለው። ቦሎ ሳይደርስ ሄጄ መጠየቅ አለብኝ፣ እሱን ሁሉ ጊዜ እላለሁ። ቡሎኖቹ በፌስታል ታስረው እዚያው ከወንበሩ ሥር አሉ፣ አንድም አልጎደለም፣ ቆጥሬያቸዋለሁ። መመለስ ይቻላል ማለት ነው። በሁለት ሰዓት ይገባሉ።

ወደ አናጢው ገና አልሄድኩም። ሸዋ በር በኩል ሳልፍ በራቸው ክፍት ነው፣ መጋዙ ይሰማል። «ጋሼ፣ ያሉት ልክ ነበር፣ ይተነፍሳል» ልበላቸው? ሁለተኛው ቀን ላይ ግን 2 ሚሊ ብቻ ነበር እኮ። ሦስተኛ ጊዜ ልውረድና፣ ውስጡ ቴርሞሜትር አድርጌ፣ ከሐረጎ ጀምሮ በየ5 ኪሎሜትሩ ቆሜ ብለካው... ሲሊኮኑን እንደ በፊቱ ዘግቼ ይሁን ወይስ እንዳለ... እንዳለ ከሆነ ደግሞ ያኛውን ቀን አይመስልም።